ጮክ ብሎ የሚያይ ሰው

ነፋስ ስልክ አካባቢ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው፣ ጎማውን በእግሩ ጠለዝ ጠለዝ ካደረገ፣ በሩንም አንድ ሁለቴ ከፍቶ ከዘጋ በኋላ የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረች፦ «ጋሽ ገሠሠ ይየውና እንነጋገራለን።» ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚበራ ሻጭ ነበር። ይህን ሲሰማ የረሳው ቀጠሮ ድንገት ትዝ የሚለው ሻጭም ነበር።

ገሠሠ ባትላሜራ ነው፤ የተጨራመተ የመኪና ገላ በመዶሻ አቃንቶ የሚያድር። ጋራዡ ከአስፋልቱ ገባ ብላ በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረች፣ መሬቷ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ግቢ ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ ግን የሰውነቱ የማይመስሉ ረጃጅምና ቀጭን ናቸው። በእነዚህ ጣቶች መገጣጠሚያ የመኪናን በር ኳ ኳ ያደርጋል። ከዚያ ጆሮውን ያስጠጋል። ከላሜራው ስር የሚመለሰውን ድምፅ ሲሰማ ላየው ሰው፣ ውስጥ የታሰረ ዘመድ ያለው ይመስላል። ንጹሕ ብረት ይዘፍናል፤ በስቱኮ የተደፈነ ብረት ያጉረመርማል። ያን ልዩነት ከነፋስ ስልክ እስከ መካኒሳ እንደ እሱ የሚሰማ አልነበረም።

ሰው የሚያምነው ግን ለጆሮው ሲል አልነበረም፤ ለአፉ ሲል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንዲት ሰይቸንቶ ፊያት እንዲያይ ተጠርቶ ነበር። ደላላው ሲጨብጠው መዳፉ ውስጥ የሆነ ነገር አስቀመጠለት። ገሠሠ የፍሬኗን ድካም አይቷል። ነገር ግን ገዢውን ጠጋ ብሎ በጆሮው «ደህና ናት፤ ውሰዳት» አለው። ገዢው ገና ያገባ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በመካኒሳ ቁልቁለት ላይ ፊያቷ አልቆም ብላ ከነሙሽሮቹ ወንዝ ገባች። ሙሽሪት ተረፈች፤ እሱ አልተረፈም።

ገሠሠ ከቀብሩ በቀጥታ መካኒሳ ሚካኤል ሄዶ ከደጁ ላይ ተደፋ። የተሳለውም ጃንጥላ ወይም ሻማ አልነበረም። «ከእንግዲህ የመኪና ነገር በሰው ጆሮ አላወራም። ያየሁትን ሁሉ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ ሻጭም ገዢም በቆመበት ጮክ ብዬ እናገራለሁ።»

ይህን ስለት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀው። መኪና ሲያይ እንደ አዋጅ ነጋሪ ይጮኻል። «በግራ በኩል ፓራፋንጎ፣ ስቱኮ አለ፤ አንድ ጣት ውፍረት።» «ማርሚታው ተበጥሷል፤ በሽቦ ታስሯል።» ሰፈሩ ይሰበሰባል። ልጆች አጥር ላይ ይወጣሉ። አንድ ቀን የአንድ ቄስ ፎልክስዋገን ሲያይ «መሪው አልቆለታል» ቢል፣ ቄሱ «እንግዲያው ፍትሐቱን እኔ እቀጥላለሁ» ብለው ሰውን ሁሉ አስቀውታል። ሚስቱ ብርነሽ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትደጋግማት አንዲት ቀልድ አለቻት፤ «እኔን ሲያጭ እንዲህ እየጮኸ መርምሮኝ ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ በሽመል ነበር የሚሸኘው።»

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደላላው ሱልጣን ወደ ጋራዡ መጣ። ሱልጣን ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገር ዓይኑ መንገዱን የሚጠብቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሥራ አለ።»

«እሑድ?»

«እሑድ። የእትዬ ኤሌኒ አልፋ።»

ገሠሠ መዶሻውን አስቀመጠ። ያቺን መኪና ያውቃታል። ባሏ ዳኜ አብዮቱ በፈነዳ ዓመት አገር ጥሎ ከሚሄድ ጣሊያን የገዛት፣ ቀይ፣ ጣራዋ ሸራ የሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የሩጫ መኪና ናት። ዳኜ በሕይወት ሳለ በጋራዡ ደጅ ስታልፍ ገሠሠ ሥራውን ጥሎ ይወጣ ነበር። ድምፅዋ ካለፈች በኋላም ቆርቆሮው ላይ ይቀራል። ብረት እንዲህ ተደርጎ መታጠፍ መቻሉ ሁልጊዜ ያስደንቀው ነበር፤ አንድም ቀጥ ያለ መስመር የላትም፣ አንድም የጠመመ ነገር የላትም። ዳኜ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ጓሮ ከቆርቆሮ መጠለያ ስር ወጥታ አታውቅም። ገሠሠ አንድ ጊዜም እጁን አሳርፎባት አያውቅም።

«ገዢው ማነው?»

«ጓድ መኩሪያ።»

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር?»

«ሌላ ጓድ መኩሪያ ያውቃሉ እንዴ?»

«ሁለት ሰው ብቻ ነው እኮ የምትይዘው። ሰፊው ሕዝብ የት ይቀመጣል?»

ሱልጣን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ መንገዱ ተመለከተ። «ጋሼ፣ ምላስዎን ለመኪናዋ ይቆጥቧት» አለ። ከዚያ ሳቁን ማፈን አቃተው። «ቀይ መሆኗ ነው የማረከው ይላሉ። ለሰልፍ ትሆናለች።»

«እሷስ ልትሸጥ ፈልጋ ነው?»

«የት ፈልጋ። ሦስት ወር ሙሉ ሲጠይቃት ሞተሩ ሞቷል፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ተነስታ አታውቅም ትለዋለች። ‹የሞተም ቢሆን ባለሙያ ይየው› አለ። እምቢ አይባል ነገር።»

ገሠሠ ራሱን ነቀነቀ። ምስኪን ሴት ሲል አሰበ። መኪና አታውቅም፤ አንድ ጊዜ አልነሳ ስላላት የሞተች መስሏታል። በዚህ አያያዝ ያቺን የመሰለች መኪና በብረታ ብረት ዋጋ ትሰጣታለች።

ወይዘሮ ኤሌኒ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ሰፊው ግቢዋ ከተወረሰ ወዲህ ሦስት ቤተሰብ በቀበሌ ተመድቦ ገብቶበታል። ለእሷ ሁለት ክፍል ቀርቶላታል፤ ግድግዳቸው ችፑድ ነው፣ ጎረቤት ሲያዛጋ ይሰማል። አንድ ልጅ ነበራት፣ ሙሴ የሚባል። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በየወሩ ይጽፍ ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ግን ከዚያ ግንባር ደብዳቤ የደረሰው ሰው በሰፈሩ የለም። ሰው ስለዚህ ነገር አይጠያየቅም። እናቶች ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊወስዱ ሲሰለፉ ዓይን ለዓይን ተያይተው «ዛሬስ ፀሐዩ» ይባባላሉ።

እሑድ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ጓድ መኩሪያ ራሱ የገሠሠን በር አንኳኳ። ሱልጣንን አስከትሎ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካኪ ኮቱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ ተጠራብኝ። ቀደም ብንል ቅር ይልዎታል?»

ማን ቅር ይለዋል። ብረትን ከስቱኮ የሚለይበትን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ተከተላቸው።

የኤሌኒ በር ሲንኳኳ ቶሎ አልተከፈተም። ሲከፈት ነጠላዋ በአንድ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። «በአራት ሰዓት አልነበረም እንዴ?» አለች። መኩሪያ በትሕትና ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ከበሩ ለመነሳት ትንሽ ዘገየች፣ ከዚያ ተነሳች። የግቢው ተከራዮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ገሠሠ መኪና የሚያይበት ቀን የሰፈር ትርኢት ነውና ልጅ ያዘለችውም፣ ፂሙን በሳሙና የለቀለቀውም መጣ።

ገሠሠ የለበሰችውን ሸራ ሲገፍፍ እንደ መነኩሴ ዝም አለ። ቀይዋ አልፋ በጨለማው መጠለያ ውስጥ እንደ ፍም አብረቀረቀች። አቧራ የለባትም። ይህን ልብ አለ፣ ግን ደስታው ሐሳቡን አሻግሮ ወሰደው። ጣቶቹን ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ አሳረፈ። ኳ፣ ኳ። ብረቱ ዘፈነ።

«በቀኝ በኩል ንጹሕ ነው። ስቱኮ የለም። ከፋብሪካ እንደወጣች።» ማግኔቱን አስጠጋ፤ ማግኔቱ ከእጁ ተነጥቆ ተለጠፈ። «ይዟል። አያችሁ አይደለም፣ ይዟል።»

«ይዟል» አሉ ልጆቹ ከአጥሩ ላይ።

ከስሯ በጀርባው ገባ። «ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። ከኋላ በግራ በኩል ዝገት አለ፤ ትንሽ ነው፣ ይጠገናል።» ከስር ሲወጣ ኤሌኒ አጠገቡ ቆማ ነበር። እጅጌውን ያዘችው።

«ጋሽ ገሠሠ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሮጌ ናት አይደል? ለምንም አትሆንም ይበሏቸው።»

ጆሮው ውስጥ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልደፈረውን። ክፉ ልብ እንደሌላት ያውቃል፤ አለማወቅ ነው ብሎ ታገሣት። እጇን በእርጋታ ከእጅጌው አላቀቀ፤ «ወይዘሮ ኤሌኒ፣ አይስጉ። ከዋጋዋ ሳንቲም አትወርድም» አላት፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። እየረዳት መሆኑን አላጠራጠረውም። ይህች ሴት ባሏን ቀብራለች፣ ልጇን ልካለች፣ አሁን ደግሞ ሊያታልሏት ነው። በሱ ፊት አይሆንም።

ከዚያ መዳፉን በኮፈኑ ላይ ዘረጋ። ሁልጊዜ ሞተሩን ሳያስነሳ በፊት የሚያደርገው ነው፤ ሻጮች ቀዝቃዛ ሞተር አልነሳ እንዳይል አስቀድመው ያሞቁታል። መዳፉ ቆመ። አንስቶ እንደገና አሳረፈው።

«ሞተሩ ሞቃት ነው» አለ።

ተከራዮቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዛሬ ጠዋት ተነስቷል። አንድ ሰዓት አልሆነውም። ጓድ መኩሪያ፣ ሞቷል የተባለው ሞተር ከኔ ቀድሞ ቁርሱን በልቷል።»

ሰዎች ሳቁ። መኩሪያም ፈገግ አለ። ኤሌኒ «ፀሐይ ነው ያሞቀው» አለች። ገሠሠ ቀና ብሎ የመጠለያውን ጣራ አየ፤ ቀዳዳ እንኳ የለውም። «እዚህ ቤት ፀሐይ ገብቶ አያውቅም፣ እመቤቴ» አላት በሳቅ። ፊቷ ሲለወጥ አየ። ያየውን ሁሉ የሚናገረው ሰው ይህችን ብቻ አልተናገራትም፤ የመኪና ነገር አልመሰለችውም።

«ቁልፉን።»

ቁልፉ ከእሷ እጅ ሳይሆን ከመሪው ስር፣ ከቦታው ተሰክቶ ተገኘ። አንድ ጊዜ ብቻ አዞረው። ሞተሩ ተነሳ። በሕይወቱ ከሰማው ሁሉ ይህ ድምፅ ይለያል። ጉሮሮው ወፍራም፣ መጨረሻው ቀጭን፣ እንደ ዲያቆን ዜማ ከፍ ብሎ መሃል ላይ የሚንሳፈፍ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከአንዲቱ ተከራይ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ተቀብሎ በሚሠራው ሞተር አናት ላይ አስቀመጠ። ሁሉም አጎንብሶ አየ። ውኃው ላይ ስስ ክብ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

«ይህ» አለ ገሠሠ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ «ይህ ሞተር አይደለም። ይህ በረከት ነው። ስምንት ዓመት ቆሞ እንዲህ የሚነሳ የለም። ይህን ሞተር በየሳምንቱ የሚያስነሳ ሰው አለ።»

መኩሪያ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ኤሌኒ ዞረ። «ጎሽ። ጥሩ ይዘዋታል፣ ወይዘሮ ኤሌኒ።» በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ገና መኪናዋን ብቻ የሚያስብ ሰው ድምፅ ነበር።

የቀሩት መብራቶቹ ነበሩ። ገሠሠ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሪዋ ኋላ ተቀመጠ፤ እስከ አጥንቱ ድረስ ደስ አለው። ሁሉንም ቁልፍ በተራ ነካ፣ በተራ ጠራ። «የፊት መብራት፣ ይሠራል። ፍሬቻ ግራ፣ ይሠራል። ፍሬቻ ቀኝ፣ ተቃጥሏል። ጥሩንባ» ጥሩንባው ጮኸ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። «ሬዲዮ።»

ዳኜ የቴሌ ሠራተኛ ነበር። ያን ሬዲዮ ራሱ የገጠመው ነው፣ ከጀርመን ያስመጣው፣ አጭር ሞገድ የሚይዝ። ገሠሠ አዝራሩን ጠቅ አደረገው።

መጀመሪያ ጩኸት። ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ በአማርኛ፣ ቀስ እያለ፦ «…ከስድስተኛ ሻለቃ፣ አሥር አለቃ በላይ ተክሌ። ወታደር ከድር መሐመድ። ወታደር ጌቱ…»

ሁሉም አወቀው። በዚያ ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ልጅ ያዘለችውም፣ ፂሙን በሳሙና የለቀለቀውም፣ ያን ድምፅ አወቀው። በረሃ ያሉት አማፂዎች የሚያሰራጩት ጣቢያ ነው፣ ሰው ስሙን በሹክሹክታ እንኳ የማይጠራው፤ የተማረኩ ወታደሮችን ስም የሚያነብበው። ለማወቅ ደግሞ አንድ ቀን መስማት ያስፈልጋል። ይህን እያንዳንዱ በልቡ ተረዳና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሱልጣን ሁለት እርምጃ ሸሸ። መኩሪያ ራሱ ለማፈግፈግ ተረከዙን አነሳ።

ኤሌኒ ብቻ ወደ ፊት መጣች። ማንንም አላየችም። እጇን በመኪናው በር ላይ አሳርፋ፣ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አዘንብላ፣ ልክ ገሠሠ ለብረት እንደሚያዘነብለው፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ ስሞቹን ትከተላለች። ወታደር እንትና። ወታደር እንትና።

የገሠሠ እጅ አዝራሩን መለሰው።

«አይዝጉት» አለች። «ጋሽ ገሠሠ፣ እባክዎን፣ እስኪጨርስ።»

ሞተሩ አሁንም ይዘፍናል። ከላዩ ያለው የብርጭቆ ውኃ አልፈሰሰም። በዚያን ጊዜ ገሠሠ ሁሉን ነገር አንድ ላይ ሰማው፤ ዘግይቶ፣ ግን ሁሉንም። በችፑድ ቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት አትችልም። በግቢው ውስጥ በር ያለው፣ የሷ የሆነ፣ የሚዘጋ ክፍል ይህች መኪና ብቻ ናት። ሞተሩን የምታስነሳው ባትሪው እንዳይደክም ነው፤ ደግሞም ድምፁ ድምፅን እንዲሸፍን። «መኪናው ሞቷል» ያለችውም መኪና ስለማታውቅ አልነበረም።

መኩሪያ ጉሮሮውን አጠራ። ዙሪያውን አየ፤ አሥራ አምስት ሰው ያያል፣ አሥራ አምስት ሰውም እሱን ያያል።

«ጋሽ ገሠሠ» አለ፣ ቃላቱን እየመዘነ፣ «የሬዲዮው መርፌ ሌላ ጣቢያ ላይ ይሆናል የነበረው። አሁን ሲከፍቱት በእጅዎ ነካ አድርገው፣ አዙረውት ይሆን?»

ገሠሠ ያን ጥያቄ ኋላ ላይ ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንደሰማው ራሱ አይቆጥረውም። ጥያቄው በር ነበር። መኩሪያ በሩን ገርበብ አድርጎ ይዞለት ነበር፣ ለኤሌኒም፣ ለራሱም ጭምር፤ እሱም ድምፁን አውቆታልና። «አዎ፣ ነካክቼው ይሆናል» ማለት ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ሬዲዮ ሲሞክር እጁ ስቶ ያዞረው። ሁሉም ይስቅ ነበር። ወደ ቤት ይሄዱ ነበር።

ግን ስለ መኪና ተጠየቀ። ስለ መኪና ሲጠየቅ ምላሱ ከሱ ቀድማ ትሄዳለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሠለጠናት እሱ ነው።

«አልነካሁትም» አለ፣ ጮክ ብሎ። «መርፌው እንደነበረ ነው። ሁልጊዜ የሚሰማ ጣቢያ ነው፤ አዝራሩ ላይ አቧራ የለም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር የራሱ ጆሮ ሰማው። ኳ ብሎ የማይመለስ፣ የሚያጉረመርም፣ የተደፈነ ድምፅ ነበር።

 ሱልጣን እጁን ዘርግቶ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋው። መኩሪያ መሬቱን አየና «እንግዲህ» አለ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የተላኩ ሁለት ሰዎች ከቀትር በፊት ሊወስዷት መጡ። ኤሌኒ ጫማዋን ለመቀየር ፈቃድ ጠየቀች፤ ፈቀዱላት።

ያን ቀን ብርነሽ ምሳ አቀረበችለት፤ አልበላም። ምን እንደተናገረ ከሰፈር ሰምታ ነበር። ተቀምጣ ብዙ ካየችው በኋላ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አቶ ገሠሠ።» «አቶ» ብላው አታውቅም ነበር።

መኪናዋን መኩሪያ አልገዛትም። ወደ ቀበሌው ግቢ ተገፍታ ሄደች፤ ለምን እንደሄደች የሚናገር ወረቀት አልተጻፈም። በክረምቱ ዝናቡ የጣራዋን ሸራ በላው፤ በመስከረም ወለሏ ላይ ሣር በቀለ። ገሠሠ በዚያ ሲያልፍ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ሰዎች አሁንም መኪና እንዲያይላቸው ይጠሩታል፣ ይሄዳልም። ስለቱን አላፈረሰም። ነገር ግን ድምፁ እየወረደ መጣ። ልጆቹ አጥር ላይ መውጣት ተዉ፣ ምክንያቱም የሚሰማ ነገር የለም።

ኤሌኒ በታሰረች በወሩ፣ በሰኔ፣ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ገዛ። ጣቢያውን ማንንም አልጠየቀም፤ መርፌው የት እንደነበረ ያውቃል። ያየውን አይረሳም፣ ይህም ከስለቱ የከፋው እዳው ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ወደ ጋራዡ ይሄዳል፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል፣ ሬዲዮዋን መኪና ከስር ከሚታይበት ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል። እላይ ሆኖ ላሜራ ይቀጠቅጣል። መንገደኛ መዶሻ ብቻ ነው የሚሰማው። «ጋሽ ገሠሠ ሰንበትን ሻረ» ይሉታል። እሱ በሁለት ምት መሃል ባለችው ባዶ ቦታ ስም ይለቅማል። ወታደር እንትና። ምት። የአስመራ ልጅ፣ የጎጃም ልጅ፣ የወላይታ ልጅ። ምት። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ አለፈ። ይህን ያህል ስም ያለው አገር መሆኑን አያውቅም ነበር። ስሞቹን ከሰማ በኋላ በመንገድ ላይ የሚያልፉ እናቶችን ፊት ማየት ያቅተዋል፤ ከመካከላቸው አንዷን ልጅሽ አለ ሊላት ይችል ነበር፣ የትኛዋን እንደሆነ ግን አያውቅም።

በጥቅምት አንድ እሑድ፣ የአንድ ታክሲ በር ሲያቃና፣ ድምፁ «ወታደር ሙሴ» አለ።

እጁ ተነስቶ ነበር። መዶሻ አንድ ጊዜ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። ወረደ። ብረቱ ጮኸ። ድምፁ ሲመለስ ሌላ ስም እያነበበ ነበር።

ገሠሠ መዶሻውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ከ«ሙሴ» ቀጥሎ የመጣችውን ቃል በጆሮው ውስጥ ፈለጋት። ከብረት ስር ያለውን ስቱኮ የሚሰማ ጆሮ፣ አንዲት የአባት ስም አጣ። ዳኜ ነበር። ዳኜ ሊሆን ይችላል። ዳንኤልም ሊሆን ይችላል፣ ደስታም። በቀጣዮቹ ሦስት እሑዶች መዶሻ ሳያነሳ፣ በሩን ዘግቶ፣ በራሱ ላይ እየፈረደ ሰማ። ስሙ አልተደገመም።

ኤሌኒ በኅዳር ማብቂያ ተፈታች። ስድስት ወር ሆኗት ነበር። ትምህርት ቤቱ አልመለሳትም። ገሠሠ አራት ቀን ከራሱ ጋር ታግሎ በአምስተኛው ከሰዓት በኋላ ሄደ። በሩን አንኳኳ፤ ቶሎ አልተከፈተም። ሲከፈት ፀጉሯ ባጭሩ ተቆርጦ ግማሹ ነጭ ነበር። ይግቡ አላለችውም። ከኋላዋ አንዲት ተከራይ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እሱን ስታይ ልብስ ማሸቷን አቆመች።

ገሠሠ ወደ ኤሌኒ ጠጋ አለ። ከዚያ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሰው ጆሮ ተናገረ።

«ሬዲዮ ስሰማ ነበር። በየእሑዱ።»

ኤሌኒ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ተከራይዋን አየች።

«ሙሴ አለ። ከተማረኩት ጋር ስሙን ጠሩት። በጥቅምት።»

እጇ የበሩን ጠርዝ ጨበጠ።   ከዚያ፣ በሬዲዮው ፊት እንዳደረገችው፣ ፊቷን ወደሱ አዘንብላ፦ «የአባቱን ስም ሰሙ?»

በጆሮው ውስጥ መዶሻው ወረደ። እውነቱን ያውቃል። እውነቱ አንድ ምት ነው፣ የብረት ጩኸት። ዓይኖቿን አየ፤ እንዲህ ያሉ ዓይኖች ፊት የሚነገር እውነት አልነበረውም።

«ሰማሁ» አለ። «ሙሴ ዳኜ ብለው ነው የጠሩት።»

ቸኩሎ አለው። ኤሌኒ አየችው፤ ቀለም የተቀባ ብረት የሚያይ ሰው እንደሚያየው፣ ከላዩ ሳይሆን ከስሩ። በፊቷ ላይ አንድ ነገር ሊበራ ጀምሮ ነበር። ቆመ። ሲቆም አየ።

«ያን ቀን ቢዋሹልኝ ኖሮ፣ ጋሽ ገሠሠ» አለች።

በሩን በቀስታ ዘጋችው። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲጢጥ እያለ፣ መሃል ላይ እየያዘ፣ በግድ ቦታው ገባ። ገሠሠ በሩ ላይ እንደቆመ ሰማው። ዝጓል፤ ዘይት ከነካው ዓመት አልፎታል፤ አንድ ቀን ተቆልፎ አልከፈትም ይላል።

አልተናገረም። ወደ አስፋልቱ ወጣ።